የታደሰው ፊልም የማን ነው?

በዲስክ ዳግም ስለሚወጡ አክሽን ፊልሞችና ስለ ተመልካቾቻቸው ጥያቄ

አንድ መጽሐፍ ዳግም ሲታተም የመጀመሪያው እትም ከሁለተኛው ጋር ተነጻጽሮ የተለወጠው ቃል፣ የተጨመረው መሥመር፣ የተዘለለው አንቀጽ ይመረመራል። ይህ በሥነ ጽሑፍ ሂስ ውስጥ የቆየና የተከበረ ሥራ ነው። በፊልም ረገድ ግን ተመሳሳይ ጥንቃቄ ሲደረግ የሚታየው እምብዛም ነው። ፊልሙ ከሲኒማ ቤት ወርዶ በቪዲዮ ካሴት፣ በዲቪዲ ወይም በብሉ ሬይ ዲስክ ወደ ተመልካቹ ቤት ሲገባ ያው የቀድሞው ፊልም እንደ ሆነ አድርጎ መቀበል የተለመደ ነው። እውነቱ ግን ከዚህ የራቀ ነው። በዲስክ የሚወጣ ፊልም ምስሉ፣ ቀለሙ፣ ድምፁ፣ አንዳንዴም ታሪኩ ጭምር እንደ ገና የሚወሰንበት አዲስ እትም ነው። ውሳኔውን ማን እንደሚሰጥ፣ በማን ስም እንደሚሰጥና ለማን ጥቅም እንደሚውል መጠየቅ የኀያሲ ተግባር ነው።

ይህን ጥያቄ አጥብቀው ያነሡት ኀያስያን ሳይሆኑ ተራ ተመልካቾች መሆናቸው ሊታወቅ ይገባል። ያነሡትም በየትምህርት ቤቱ በሚተነተኑት ታላላቅ ፊልሞች ላይ ሳይሆን፣ ምሁራን «የጡጫና የጥይት ፊልም» እያሉ ሲያናንቋቸው በኖሩት አክሽን ፊልሞች ላይ ነው። ከእነዚህ ፊልሞች አንዳንዶቹ ሲወጡ ከፍ ያለ ገቢ ያገኙ፣ ሌሎቹም በቅጡ ሳይታዩ የወረዱ ናቸው። ሁሉንም የሚያመሳስላቸው ከወረዱ በኋላ የማይበተን ተመልካች ማፍራታቸው ነው። ይህ ተመልካች እንደ ማኅበርተኛ በየጊዜው እየተሰበሰበ ፊልሙን ያነሣዋል፤ ንግግሩን በቃሉ ይዞታል፤ የጎደለ ነገር ሲኖርም ከማንም ቀድሞ ይለየዋል። አዲስ ዲስክ በወጣ ቁጥር ከአሳታሚዎች ጋር የሚገጥመው ክርክር ከዚህ ዕውቀት የሚመነጭ ነው። በዚህ ጽሑፍ የክርክሩን ምንነት ጥቂት ፊልሞችን በምሳሌነት እያነሣን እንመረምራለን። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጉልበትና ንብረት

በ1992 የሆንግ ኮንጉ ዳይሬክተር ጆን ዉ «ሃርድ ቦይልድ» የተባለውን ፊልም ሠራ። ወደ ፊልሙ ፍጻሜ ገደማ ሁለት ፖሊሶች ሆስፒታል ውስጥ ከወንበዴዎች ጋር እየተታኮሱ ከኮሪደር ወደ ኮሪደር ሲያልፉ ካሜራው ሦስት ደቂቃ ለሚጠጋ ጊዜ ሳይቋረጥ ይከተላቸዋል። ተዋንያኑ ቾው ዩን ፋትና ቶኒ ሊዩንግ በአሳንሰር ወደ ሌላ ፎቅ ሲሄዱ እናያለን። በእርግጥ ግን የቀረጻው ስፍራ አንድ ፎቅ ብቻ ነው። የአሳንሰሩ በር ተዘግቶ ሁለቱ ተዋንያን ጥቂት ቃላት እስኪለዋወጡ ድረስ በውጭ ያሉት ሠራተኞች ስብርባሪውን ጠርገው፣ የተጎዳውን ዕቃ ለውጠው፣ ያንኑ ኮሪደር የሌላ ፎቅ ኮሪደር አስመስለው ያሰናዱታል። በሩ ሲከፈት ውጊያው ይቀጥላል። ተመልካቹ ትንፋሹን የሚይዘው በሁለቱ ጀግኖች ምክንያት ብቻ ይመስለዋል፤ ትንፋሽ የሚያሳጥረው ግን ከበሩ ውጭ ያለው የማይታየው ሠራተኛ ሩጫ ጭምር ነው። የፈንጂው ባለሙያ፣ ካሜራ ተሸካሚው፣ በተዋናዩ ምትክ ከደረጃ የሚወድቀው ስታንትማን፣ መጥረጊያ የያዘው ሰው ሁሉ በዚያች ሦስት ደቂቃ ውስጥ አሉ።

ይህን ያህል ጉልበት የተጠራቀመበት ሥራ ከዚያ በኋላ ምን ዕጣ ገጠመው? ክራይቴሪየን የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ ይህንኑ ፊልምና የዳይሬክተሩን የ1989 ሥራ «ዘ ኪለር»ን በ1990ዎቹ በሌዘር ዲስክ፣ ቀጥሎም በዲቪዲ አወጣቸው። ዲስኮቹ ከኅትመት ሲወጡ እጥረቱ ዋጋቸውን አናረው፤ አንድ ጊዜ በመደብር የተሸጠው ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ የሰብሳቢ ንብረት ሆነ። ሌሎች እትሞች ተከትለው ቢወጡም ተመልካቹ የጠበቀው የተሟላ እድሳት ለረጅም ዓመታት አልመጣም። ምክንያቱ የጥበብ ጉዳይ አልነበረም። ፊልሞቹ ጎልደን ፕሪንሰስ በተባለው የሆንግ ኮንግ ድርጅት ንብረት ውስጥ ተይዘው ስለ ቆዩ ነው። በ2025 ሻውት ስቱዲዮስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከአንዳንድ የእስያ አገሮች በስተቀር የ156 ፊልሞችን የዓለም አቀፍ መብት መግዛቱን ካስታወቀ በኋላ ነው በሩ የተከፈተውና የታደሱት እትሞች መውጣት የጀመሩት።

እዚህ ላይ የሚታየው ተቃርኖ ግልጽ ነው። ፊልሙን የሠሩት ብዙዎች ናቸው፤ የወደዱት ከዚያም የበዙ ናቸው፤ እንዲታይ ወይም እንዳይታይ የሚወስነው ግን የውል ወረቀቱን የያዘው አንድ አካል ነው። ንብረቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ዳይሬክተሩም ሆነ መጥረጊያ የያዘው ሠራተኛ አይጠየቁም። ተመልካቹ «ፊልሜን መልሱልኝ» ሲል በሕግ ዓይን የሌለውን መብት የሚጠይቅ ሊመስል ይችላል። በባህል ዓይን ግን ጥያቄው መሠረት አለው፤ ሥራው በመጋዘን ተዘግቶ በነበረበት ዘመን በትውስታው ሕያው አድርጎ ያቆየው እርሱ ነውና።

ቅርፅና ይዘት

የመዘጋቱ ዘመን አልፎ ፊልሙ ሲወጣ ደግሞ ሁለተኛው ጥያቄ ይከተላል፤ የወጣው በምን መልክ ነው?

የዚህ ጥያቄ ጎላ ያለ ምሳሌ የጆን ማክቲርናን የ1987 ፊልም «ፕሬደተር» ነው። ታሪኩ በጫካ ውስጥ የገቡ ወታደሮች ከሌላ ዓለም በመጣ አዳኝ ፍጡር አንድ በአንድ ስለሚያልቁበት ሁኔታ ነው። ፍጡሩ በቅጠሉ መካከል ተሰውሮ በዓይን አይታይም፤ እርሱ ራሱ ግን ሰዎቹን በሰውነታቸው ሙቀት ለይቶ ያያል። በመጨረሻ በአርኖልድ ሽዋዘኔገር የተሠራው ገጸ ባሕርይ የሚተርፈው ሰውነቱን በጭቃ ለውሶ ሙቀቱን በመሰወሩ ነው። እንግዲህ ይህ ፊልም ከመነሻው እስከ መድረሻው ስለ ማየትና ስላለማየት የተሠራ ነው። የቅጠሉ ሸካራነት፣ በፊት ላይ የሚንዠቀዠቀው ላብ፣ በቆዳ ላይ የደረቀው ጭቃ ጌጦች አይደሉም፤ የታሪኩ ሥጋ ናቸው።

በ2010 የወጣው የብሉ ሬይ እትም ይህን ሥጋ ገፈፈው። የዚህን ምክንያት ለመረዳት ስለ ፊልም ተፈጥሮ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በሴሉሎይድ ላይ የሚቀረጽ ምስል የሚገኘው ብርሃን ከሚነካቸው እጅግ ጥቃቅን የብር ውሁድ ቅንጣቶች ነው። ቅንጣቶቹ በሸራው ላይ እንደ ቀጭን የአሸዋ ብናኝ ሲርገበገቡ ይታያሉ። ብናኙ የምስሉ ቆሻሻ አይደለም፤ ምስሉ ራሱ የተገነባበት ጡብ ነው። በጨለማ ጫካ፣ በአነስተኛ ብርሃን በተቀረጸ ፊልም ላይ ደግሞ ይበረታል። አሳታሚው ይህን ብናኝ በኮምፒዩተር ሲያጠፋው አብረው የጠፉት የፊት መስመሮች፣ የቅጠል ጅማቶችና የጭቃው ስንጥቆች ናቸው። ተዋንያኑ ከሰም የተቀረጹ ምስሎች መሰሉ። ያን ዓመት በበጋ የፊልሙ ተከታይ በሲኒማ ቤቶች ይታይ ስለ ነበር ዲስኩ ለዚያ ማስታወቂያ እንዲደርስ ተደርጎ መውጣቱን ልብ ይሏል። ሻጩ በአዲስ ቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠው ገዢ አሮጌ ነገር ማየት አይፈልግም ብሎ ገመተ። ግምቱ ስሕተት ነበር። የተመልካቹ ተቃውሞ ለዓመታት ሲሰማ ቆየ፤ በ2018 በፎር ኬ የወጣው እትምም ቅንጣቱን በቦታው መለሰው።

ከዚህ የምንማረው ቅርፅና ይዘት አይነጣጠሉም የሚለው የቆየ የሂስ መርሕ በፋብሪካ ሥራም ላይ የሚሠራ መሆኑን ነው። «ታሪኩ አልተለወጠም፤ ምስሉ ብቻ ጠራ» የሚለው የአሳታሚዎች መከራከሪያ ከዚህ መርሕ ጋር አብሮ አይሄድም።

በድምፅ ረገድም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። የሆንግ ኮንግ የ1970ዎቹና የ1980ዎቹ ፊልሞች በአብዛኛው በቀረጻ ጊዜ ድምፅ አይቀዳባቸውም ነበር። ንግግሩም፣ የቡጢውም፣ የጥይቱም ድምፅ በኋላ በስቱዲዮ የሚገባ ሲሆን ሁሉም በአንድ መሥመር ተደባልቆ ይሰማ ነበር። የቡጢው ድምፅ እንደ እንጨት ፍልጥ የሚጮኸው ባለሙያው እንዲያ እንዲሆን ስለ ፈለገ ነው፤ ምቱን የሚመታው ልክ እንደ ከበሮ ነው። በኋላ ዘመን ፊልሞቹን ለዲስክ ያሰናዱ ድርጅቶች ግን ለስድስት ድምፅ ማጉያ የሚስማማ አዲስ ድምፅ ለማውጣት ሲሉ የቀድሞውን ጥይት በአዲስ ጥይት፣ የቀድሞውን እርምጃ በአዲስ እርምጃ ለውጠዋል። ሴሌስቺያል ፒክቸርስ በ2000 የሾው ወንድማማቾችን ስቱዲዮ 760 ያህል ፊልሞች ገዝቶ ከ2002 መጨረሻ ጀምሮ በዲስክ ሲያወጣ እነዚያን ሥራዎች ከመጋዘን በማውጣቱ ትልቅ ምስጋና ይገባዋል። ሆኖም ለብዙዎቹ አዲስ የድምፅ ቅንብር ስለ ተሠራላቸው አፍቃሪዎቻቸው «ምስሉን መለሳችሁልን፤ ጆሯችንን ግን ነጠቃችሁን» የሚል መንፈስ ያለው ቅሬታ አሰምተዋል።

ቆርጦ ማሳጠርም አለ። የጃኪ ቻን «ፖሊስ ስቶሪ 3» በ1992 ተሠርቶ በ1996 በአሜሪካ በዳይሜንሽን ኩባንያ አማካይነት «ሱፐርኮፕ» ተብሎ ሲወጣ ተቆርጦ፣ ሙዚቃው ተለውጦ፣ በእንግሊዝኛ ተቀድቶ ነበር። በ1994 የተሠራው «ድራንክን ማስተር 2»ም በ2000 በተመሳሳይ መንገድ ሲወጣ የመጨረሻው አጭር ትዕይንት ጠፍቷል። በዚያ ትዕይንት ጀግናው በፋብሪካ አልኮል ምክንያት አእምሮውን ስቶ ለሣቅ ይቀርባል። ቀልዱ በአካል ጉዳተኛ ላይ የሚያሾፍ፣ የማይደገፍ ቀልድ ነው። ይሁንና መጥፎ ቀልድን በመቀስ ማጥፋትና በሂስ መተቸት የተለያዩ ናቸው። ተመልካቹ ያላየውን ሊተች አይችልም፤ አሳታሚው በዝምታ ሲቆርጥ የሚያድነው የተመልካቹን ሕሊና ሳይሆን የራሱን ገበያ ነው።

ፈጣሪው ራሱ ሲለውጥ

እስከዚህ ድረስ ያነሣናቸው ጉዳዮች በሻጭና በተመልካች መካከል ስለ ሆኑ ፍርዱ ቀላል ነው። ከባዱ ጥያቄ የሚነሣው ለውጡን የሚያደርገው ፈጣሪው ራሱ ሲሆን ነው።

ጄምስ ካሜሮን «ኤሊያንስ»ን በ1986፣ «ዘ አቢስ»ን በ1989፣ «ትሩ ላይስ»ን በ1994 ሠራ። በተለይ የኋለኞቹ ሁለቱ በብሉ ሬይ ሳይወጡ ብዙ ዓመታት ስላለፉ አፍቃሪዎቻቸው በትዕግሥት ሲጠብቁ ኖረዋል። በመጋቢት 2024 ሦስቱም በፎር ኬ ዲስክ ወጡ። ምስሉ በኒው ዚላንድ በፓርክ ሮድ ፖስት በኮምፒዩተር ትምህርት ላይ በተመሠረተ ዘዴ የተሠራ ነበር፤ ማሽኑ ቅንጣቱን ያወጣል፤ ከዚያም ደብዘዝ ያለውን ዝርዝር በራሱ ግምት ያጎላል። ውጤቱ አፍቃሪዎችን ለሁለት ከፈለ። አንዳንዱ ፊልሞቹን እንዲህ ጥርት ብለው አይቼ አላውቅም አለ። ሌላው ደግሞ በተለይ በ«ትሩ ላይስ» ውስጥ ፀጉሩና ቆዳው በሠዓሊ ሳይሆን በማሽን የተሣለ ይመስላል ሲል ተቃወመ። ዳይሬክተሩ ሥራውን ራሱ እንዳጸደቀው በመግለጽ ተቺዎቹን በንቀት መለሰላቸው።

ፈጣሪ የራሱን ሥራ የማሻሻል መብት እንዳለው አንክድም። ደራሲ ልብ ወለዱን አርሞ ዳግም ያሳትማል፤ ሠዓሊ ሸራውን እንደ ገና ይነካካል። ነገር ግን የመጀመሪያው እትም በቤተ መጻሕፍት እስካለ ድረስ ነው የታረመው እትም መታረሙ የሚታወቀው። በፊልም ዓለም አዲሱ እትም ሲወጣ አሮጌው ከገበያ የሚነሣ ከሆነ እርማት መሆኑ ቀርቶ ምትክ ይሆናል። ከዚህም ሌላ የ1986ቱ ካሜሮን የ2024ቱ ካሜሮን አይደለም። ያኔ በእንግሊዝ አገር ስቱዲዮ ውስጥ፣ ቅንጣቱ በሚበዛ የፊልም ጥቅል፣ በጠባብ በጀት፣ ከካሜራ ባለሙያው ጋር ሆኖ ያገኘው ምስል የብዙ ሰዎች የጋራ ውሳኔ ውጤት ነበር። ከሠላሳ ስምንት ዓመት በኋላ አንዱ ብቻ ተመልሶ የሁሉንም ውሳኔ ሲሽረው የጋራው ሥራ የግል ይሆናል።

የዋልተር ሂል «ዘ ዎሪየርስ» ለዚህ ጥያቄ የተሻለ መልስ ይሰጣል። በ1979 የተሠራው ይህ ፊልም የኒው ዮርክ ወጣቶች ቡድን ሌሊቱን ሙሉ እየተዋጋ ወደ ሰፈሩ ለመመለስ ስለሚያደርገው ጉዞ ነው። በ2005 ዳይሬክተሩ በትዕይንቶቹ መካከል የሥዕላዊ ልብ ወለድ ገጾችን አስገብቶ አዲስ እትም አወጣ። ከመነሻው ያሰበው እንዲያ ነበርና ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም። ለዓመታት በብሉ ሬይ የሚገኘው ግን ይህ እትም ብቻ ስለ ነበር፣ በ1979 በሸራ ላይ የታየውን ጨለማና ፈጣን ፊልም የወደደው ተመልካች ሲያዝን ቆየ። በ2023 መጨረሻ አሮው የተባለው የእንግሊዝ አሳታሚ ሁለቱንም እትሞች በአንድ ጥቅል አቀረበ። ክርክሩ በዚህ አከተመ ማለት ይቻላል። ዳይሬክተሩ ሐሳቡን አልተነፈገም፤ ተመልካቹም ትውስታውን አልተቀማም።

የአፍቃሪው ድክመት

ለተመልካቹ የቆምን ቢሆንም ድክመቱን ሳንነካ ማለፍ ሚዛናዊነት አይሆንም። አፍቃሪው «ኦሪጅናሉን» እንደሚሻ ይናገራል፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚሻው በልጅነቱ ያየውን ነው። ሁለቱ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። የኒው ዮርክ ወጣቶች የሾው ወንድማማቾችን ፊልሞች ያወቁት በርካሽ ሲኒማ ቤቶችና በቴሌቪዥን፣ በእንግሊዝኛ ተቀድተው ነው። ዉ ታንግ ክላን የተባለው የሙዚቃ ቡድን በ1993 ባወጣው የመጀመሪያ አልበሙ ውስጥ ከእንዲህ ዓይነት የእንግሊዝኛ ቅጂዎች ንግግር ቀንጭቦ አስገብቷል። ለዚያ ትውልድ የተቀዳው ድምፅ የራሱ ባህል ሆኗል። ስለዚህ ከ2021 ጀምሮ በአሮው የወጡት «ሾውስኮፕ» የተባሉት ጥራዞች፣ የመጀመሪያው 12 ፊልሞችን የያዘ ሲሆን፣ የቻይንኛውን ድምፅም የእንግሊዝኛውንም አብረው ማቅረባቸው ትክክል ነው። የተቀዳው ቅጂ ታሪክ አለው፤ ሆኖም መነሻው አይደለም፤ እንደ መነሻ ሊቀርብም አይገባም።

ሁለተኛው ድክመት ይበልጥ ያሳስባል። ለሥራው የነበረው ፍቅር ቀስ በቀስ ወደ ዕቃው ይሸጋገራል። አንድ ፊልም በካሴት፣ በሌዘር ዲስክ፣ በዲቪዲ፣ በብሉ ሬይ፣ አሁን ደግሞ በፎር ኬ አምስት ጊዜ የገዛ ሰው ጥቂት አይደለም። አሳታሚው ይህን ስለሚያውቅ ቁጥሩ የተወሰነ እትም፣ ልዩ ሣጥን፣ ፖስተርና ካርድ ያክልበታል። ሣጥኑ ሳይከፈት ዋጋው እስኪጨምር የሚቀመጥበት ጊዜ አለ። በዚህን ጊዜ ተመልካች የነበረው ነጋዴ ይሆናል፤ ፊልሙም ሸቀጥ ሆኖ ይቀራል። ስለ ፊልም ቅንጣት አጥብቆ የሚከራከር ሰው ፊልሙን ዓመት ሙሉ ሳያየው ከቀረ የሚሟገትለት ነገር ምን እንደ ሆነ ራሱን ሊጠይቅ ይገባል።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይነግረናል?

የእኛ አገር ተመልካች ብሩስ ሊንና ጃኪ ቻንን በሲኒማ ቤት፣ ኋላም በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ያወቀ ነው። ያየው ቅጂ ከቅጂ የተቀዳ፣ ቀለሙ የነጣ፣ ንግግሩ በማያውቀው ቋንቋ የሆነ ካሴት ነበር። «አክተሩ አይሞትም» የሚለውን የሕፃናት አባባል ያፈራው ያ አግዳሚ ነው። ያ ተመልካች ቃሉን ባይሰማም አካሉን አነበበ፤ የጃኪ ቻን መውደቅና መነሣት ያለ ተርጓሚ ገባው። ስለዚህ ደካማ ቅጂ ታላቅ ሥራን ፈጽሞ አይገድለውም የሚል ተስፋ ከዚህ ይገኛል። ነገር ግን ያየነው ምን ያህሉ እንደ ነበር ሳናውቅ መቅረታችንም ከዚሁ ይገለጣል። ነገ የራሳችን ቀደምት ፊልሞች በተራቸው ከሴሉሎይድ ወደ ዲጂታል ሲሸጋገሩ ጥያቄው ከሩቅ አገር የመጣ ወሬ መሆኑ ይቀራል። የቀረጻውን ቅንጣት እንደ ቆሻሻ የሚጠርግ፣ የዘመኑን የድምፅ አቀዳድ ጉድለት ነው ብሎ የሚሸፍን ባለሙያ ቢገኝ «ተው» የሚለው ዓይኑ የሠለጠነ ተመልካች ብቻ ነው። መምህራን በክፍል ውስጥ ሁለት እትሞችን ጎን ለጎን አሳይተው ልዩነቱን ቢያስጠኑ፣ የኪነ ጥበብ ባለሙያዎችም የሥራቸውን የመጀመሪያ ቅጂ ማን እንደያዘው ከውሉ ጀምሮ ቢጠይቁ ይህ ዓይን ይሠለጥናል።

ከላይ ከተመለከትናቸው ምሳሌዎች ለማንኛውም የፊልም እድሳት ሦስት መመዘኛዎች ማውጣት ይቻላል። አንደኛ፣ ፊልሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የቀረበበት ምስልና ድምፅ ሳይለወጥ መገኘት አለበት። ሁለተኛ፣ ፈጣሪውም ሆነ አሳታሚው አዲስ እትም ቢያወጡ አሮጌውን ሳያነሡ ከጎኑ ሊያስቀምጡት ይገባል። ሦስተኛ፣ የተቆረጠው፣ የተጨመረውና በማሽን የተገመተው ሁሉ በሽፋኑ ላይ በግልጽ ሊጻፍ ይገባል። እነዚህ ከባድ ግዴታዎች አይደሉም፤ «ዘ ዎሪየርስ» በ2023 አሟልቶ ካሳየው ብዙ አይርቁም። ያልተሟሉበት ዲስክ ምስሉ ምንም ያህል ቢያብረቀርቅ የታደሰ ሊባል አይገባውም።